የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን በበጎ ፈቃድ ማስተዋወቅ

የቤተ መጻሕፍት በር ክፍት መሆኑ ብቻውን አንባቢ አያመጣም። የአካባቢው ወጣት የት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚከፈትና ምን እንደያዘ ካላወቀ መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ይቀራሉ። ይህን ክፍተት ለመሙላት ባለሙያው ሙያውን፣ ነጋዴው የሱቁን ግድግዳ፣ ወጣቱ ጉልበቱን ያለ ክፍያ የሚያዋጣበት ሥራ የበጎ ፈቃድ የማስታወቂያ ዘመቻ ይባላል።

የአገራችን ተሞክሮ

ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆኑት በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ጋሪው መጻሕፍትን ወደ ልጆች ከማድረሱም በላይ በመንገድ ላይ የሚታይ ማስታወቂያ ነበር። ሲኤንኤን የተሰኘው የዜና ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2008 አቶ ዮሐንስን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች መካከል አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል።

መልእክቱ ለማን ነው?

ከዚህ ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት ማስታወቂያው አንባቢው ወደሚውልበት መሄድ እንዳለበት ነው። በመርካቶ የሚገኘውን ሶማሌ ተራን ለአብነት እንውሰድ። ሰፈሩ የሚታወቀው በመኪና መለዋወጫ ንግድ ነው። በዚያ ለሚውል ወጣት ስለ ንባብ ጥቅም ከሚናገር ጥቅል መፈክር ይልቅ፣ ስለ ሞተር ጥገና የተጻፈ መጽሐፍ የት እንደሚገኝ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅመዋል። በገጠር ደግሞ ስለ ከብት እርባታ ወይም ስለ ንብ ማነብ የሚያወሱ መጻሕፍትን በገበያ ቀን ማስተዋወቅ ይቻላል።

የዘመቻው ቅደም ተከተል

• በቅድሚያ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር በመነጋገር ያሉትን መጻሕፍት፣ የመቀመጫውን ብዛትና የአገልግሎት ሰዓቱን ማወቅ።
• በአንድ ማስታወቂያ አንድ መልእክት ብቻ ማስተላለፍ፤ አድራሻውንና ሰዓቱን በጉልህ መጻፍ።
• ከመለጠፍ ወይም በድምፅ ማጉያ ከመቀስቀስ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ።
• መጽሐፍ የሚሰበሰብ ከሆነ የሚፈለገውን ዓይነት ለይቶ ማሳወቅ።
• ከዘመቻው በፊትና በኋላ የተጠቃሚዎችን ቁጥር መዝግቦ ማነጻጸር።

ሳይዘነጋ መታየት ያለበት ሌላው ጉዳይ የአገልግሎት ሰዓት ነው። ወጣቱ ከሥራ ሲወጣ ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋ ከሆነ ማስታወቂያው ከንቱ ድካም ይሆናል። እንዲህ ባለው ስፍራ የበጎ ፈቃደኞቹ የመጀመሪያ ሥራ አገልግሎቱ በምሽትና በዕረፍት ቀናት እንዲሰጥ መጠየቅ ሊሆን ይገባል።