ባዶ እጁን የተመለሰ አዳኝ

በቀድሞው ዘመን ዝሆን የገደለ ሎቲ ያንጠለጥላል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈር ደፍቶ እየፎከረ ይገባል። ባዶ እጁን የተመለሰው ግን የሚፎክርበት ግዳይ የለውም። ታዲያ በሳምንቱ ደግሞ ለምን ይወጣል?

መልሱን ለማግኘት ከኮልፌ ቀራንዮ በስተምዕራብ ወደሚታየው ወጨጫ ተራራ መመልከት ነው። በተራራው ጥግ፣ በመናገሻ ሱባ ደን፣ የምኒልክ ድኩላ ይኖራል። ድኩላ መንጋ አይወድም፤ ጥሻ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሰው ከሸተተው እንደ ውሻ ጮሆ ይሰወራል። እሱን የሚከተል ሰው ዱካ ይለያል፣ ነፋስ ያጠናል፣ ትንፋሹን ይውጣል። ቀኑን ሙሉ ዓይኑና ጆሮው እንደነቃ ይውላል። ማታ እሳት ዳር የሚያወጋውም ስላመለጠው ነው። ግዳዩ ለአገር ዓይን ነው፤ ፍለጋው ግን የአዳኙ የራሱ ነው።

ይህን መለየት ዛሬም ይጠቅማል። ጠመንጃና የዝሆን ጥርስ ንግድ አውሬውን ሲያመናምኑት፣ አፄ ምኒልክ በ1909 እ.ኤ.አ. አደንን የሚገድብ ደንብ አወጡ። ክብር በግዳይ ብቻ ከተለካ፣ አውሬው ሲያልቅ ክብሩም ያልቃል። ደስታው ከፍለጋው ከሆነ ግን ያለ ጠመንጃም ይገኛል፤ ደኑ እስካለ ድረስ። ደኑ ከተራቆተ ባዶ እጅ የሚመለሱበት ቦታ እንኳ አይኖርም።