የፖድፊክ አድማጭ ምላሽ

የፖድፊክ አድማጭ ምላሽ፦ አድናቂዎች በሚወዱት መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ላይ ተመሥርተው የጻፉትን ልብ ወለድ በድምፅ ተርኮ በነጻ ለሚያሠራጭ ሰው አድማጭ የሚልከው አስተያየት ነው። ፖድፊክ የሚባለው ይህ የድምፅ ትረካ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አድናቂዎች ዘንድ ተስፋፍቷል።

ታሪኩ የደራሲው፣ ድምፁ የተራኪው በመሆኑ ሴራውን ብቻ የሚያወድስ መልእክት ለተራኪው የሚነግረው ጥቂት ነው። ተፈላጊው ምላሽ በንባቡ ፍጥነትና ዕረፍት፣ በገጸ ባሕርያት ድምፅ አለያየት፣ በሙዚቃው አገባብና በቅጂው ጥራት ላይ ያተኩራል። ብዙ ሰው ሥራ እየሠራ ወይም እየተጓዘ ስለሚያዳምጥ ግን ዝርዝሩ ቶሎ ይረሳል፤ ደቂቃውን ጠቅሶ የሚጽፍ አድማጭ የሚመሰገነው ለዚህ ነው። ዘዬንና የድምፅ ቀለምን መንቀፍ፣ ተራኪው ካልጠየቀ በቀር፣ እንደ ነውር ይታያል፤ የሚነካው ሥራውን ሳይሆን ሰውየውን ነውና።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የተከፈተው የአድናቂዎች ሥራ ማከማቻ ድረ ገጽ «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» ፖድፊኩን ከመነሻ ጽሑፉ ጋር ስለሚያስተሳስር ለደራሲውም ለተራኪውም መጻፍ ይቻላል። ቃል ላጠረው «ኩዶስ» የተባለ የአድናቆት ምልክት አለ። የድምፅ ፋይሉ ግን የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ አውርዶ የሰማ አድማጭ ወደ ገጹ ካልተመለሰ ተራኪው መደመጡን እንኳ ላያውቅ ይችላል።