የእሑድ አሮስቶና የእንግሊዝ ፓርላማ

እኛ ስሙን ከጣሊያን ወስደን «አሮስቶ» እንለዋለን። ሥጋው ከድንችና ከካሮት ጋር በትሪ ተደርጎ ኦቨን ይገባል፤ ስቡ እየቀለጠ አትክልቱ ላይ ይወርዳል። ለእንግሊዞች ግን ይህ የእሑድ ምሳቸው መለያ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ ምሳ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለፓርላማ ክርክር በቅቶ እንደነበር ነው።

ከእሳቱ እንጀምር። ድሮ «ሮስት» ማለት በብረት ዘንግ ተሰክቶ ከሚነድ እሳት ፊት እየተሽከረከረ የሚጠበስ ሥጋ ነበር። ዘንጉን የሚያዞር ያስፈልጋል። በሀብታም ቤት መጀመሪያ የልጅ ሥራ ነበር፤ በኋላ ለዚሁ የተዳቀሉ እግረ አጭር ውሾች መንኮራኩር ውስጥ እየሮጡ ያዞሩት ጀመር። (ቀልድ አይደለም፤ ቆዳው የተሞላ አንድ ውሻ ዌልስ ውስጥ በአበርጋቬኒ ከተማ ሙዚየም ይታያል።) ለዚህ ሁሉ ሰፊ ምድጃና ብዙ ከሰል ይፈልጋል። አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ለሚኖር የሎንዶን ሠራተኛ የማይታሰብ ነው።

እሱን የታደገው ዳቦ ጋጋሪው ነበር። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ከጡብ የተሠራ ነው፤ ጡብ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል። እሑድ ዳቦ መጋገር በሕግ ስለተከለከለ ምድጃው ለሰፈሩ ሰው ምሳ ይውላል። ቤተሰቡ ጠዋት ድንቹን ከሥር፣ ሥጋውን ከላይ አድርጎ ትሪውን ያስረክባል፤ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ድንቹ ከሥር የሚሆነው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ለድሃ ቤት የሚንጠባጠበው ስብ እንደ ሥጋው ውድ ነው፤ ትንሽ ሥጋ ብዙ ድንች ያስበላል።

በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰር አንድሩ አግኒው የተባለ ስኮትላንዳዊ የፓርላማ አባል ሰንበት በሕግ ይከበር ብሎ ረቂቅ ደጋግሞ አቀረበ። ረቂቁ የእሑድ ሥራን ይከለክላል፤ የቤት አገልጋዮችን ግን ነፃ ያደርጋል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ይመስላል። ወጥ ቤትና አብሳይ ያለው ጌታ ግን እሑድም ትኩስ ሥጋ ይበላል፤ ዳቦ ቤቱ የተዘጋበት ሠራተኛ ምሳው ቀረ ማለት ነው። በ1836 ይህን ነጥብ ይዞ በብዕር ስም በራሪ መጽሐፍ ያሳተመው የ24 ዓመቱ ቻርልስ ዲከንስ ነበር። በ1843 በወጣው የገና ታሪኩ ውስጥም የድሆቹ ቤተሰብ ዝይ የሚበስለው ዳቦ ቤት ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ራሱ መቼ ይረፍ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዳቦ ቤት ሠራተኞች ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። አግኒውም አስመሳይ አይመስለኝም፣ እምነቱ እውነተኛ ነበር። ችግሩ የዕረፍቱን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ላይ ነው። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

ጉዳዩ ግን አልሞተም። በ1855 ሎርድ ሮበርት ግሮቭነር የሎንዶንን የእሑድ ገበያ የሚገድብ ሌላ ረቂቅ አመጣ። አብዛኛው ሠራተኛ ደሞዙን የሚቀበለው ቅዳሜ ማታ አምሽቶ ነው፤ የምሳውን የሚገዛው እሑድ ጠዋት ነበር። ሰኔ 24 ቀን ሕዝቡ ሃይድ ፓርክ ወጣ። ሰረገላ ላይ ሆነው የሚንሸራሸሩትን ባለጸጎች «ቤተ ክርስቲያን ሂዱ!» እያለ ጮኸባቸው። በስደት ሎንዶን ይኖር የነበረው ካርል ማርክስ እዚያው ነበር፤ የእንግሊዝ አብዮት ተጀመረ ብሎ ለጀርመን ጋዜጣ ጻፈ። አብዮቱ እንኳ አልመጣም። በሳምንቱ ሕዝቡ እንደገና ወጣ፣ ፖሊስም በዱላ ተቀበለው፤ በማግስቱ ግን ረቂቁ ተነሣ።

ትሪ ተሸክሞ ዳቦ ቤት መሄድን በስተመጨረሻ ያስቀረው ጋዝ ነው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ሳንቲም ሲከተትበት ጋዝ የሚለቅ ቆጣሪ በሠራተኛ ሰፈር ተስፋፋ፤ የጋዝ ኩባንያዎችም ምድጃ ማከራየት ያዙ። እሳቱ ከዳቦ ቤት ወደ ጓዳ ገባ። ሳንቲሙ ካለቀ ግን እሳቱ ይጠፋል፤ ሥጋውም በጥሬው ይቀራል።