ቆላ የወረደውና ደጋ የቀረው ሰው

በየካቲት 2014 ዓ.ም. «ሴቨራንስ» የተባለ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ መታየት ጀመረ። በድራማው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች አእምሯቸው በቀዶ ጥገና ስለ ተከፈለ፥ በሥራ ላይ ሳሉ ቤታቸውን፥ በቤታቸው ሳሉ ሥራቸውን አያውቁም። ደራሲው ዳን ኤሪክሰን በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ የሚወርደውን የሰሊጥ ሠራተኛ ቢያይ ኖሮ፥ እንደሚመስለኝ ቀዶ ጥገናው ባላስፈለገው ነበር።

ሰሊጥ ከደረቀ ፍሬው ፈንድቶ ይረግፋልና ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ አጨዳው ሲደርስ የደጋው ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ይወርዳል። በቀዬው አባ ወራና የጽዋ ማኅበርተኛ የነበረው ሰው ቆላ ሲደርስ «ሳሉግ» ይባላል፤ ይኸው አንድ ስም ለሁሉም ይበቃል። ቀን ያጭዳል፥ ሌሊት በዋልካው ሜዳ በግራር ሥር ያድራል። ገንዘቡን ተቀብሎ ሲመለስ ሳሉግነቱን እዚያው የተወው ይመስለዋል።

ሥጋው ግን አንድ ነው። በዋልካው ስንጥቅ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች፤ በሽታውም ከወራት በኋላ ጣፊያን አሳብጦ፥ ሰውነትን አክስቶ፥ ካልታከመ ይገድላል። በሑመራ ሰፋፊ እርሻዎች ገና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ይታወቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን ከቆላው ርቆ በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ተገኘ፤ አስቀድሞ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። የሕክምና ሊቃውንት እንደ ገመቱት፥ በሽታው የመጣው ከሑመራና ከመተማ ከተመለሱት ሠራተኞች ጋር ነው። ከታመሙት መካከል ቆላ ወርደው የማያውቁ ሕፃናት ነበሩ።