እንደ ብራና የሚነበብ ረግረግ

የአባ ገሪማ ወንጌሎችን ታሪክ ለተከታተለ ሰው ራዲዮካርበን እንግዳ ቃል አይደለም። መጻሕፍቱ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሥራ ናቸው ሲባል ኖሮ፣ ከብራናው የተወሰደ ቅንጣት ሲመረመር ዘመናቸው በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኘ። ይኸው ዘዴ ሰው ያልጻፈውንም ያነባል።

አልፍሬድ ሬድፊልድና ሜየር ሩቢን በ1962 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማሳቹሴትስ ውስጥ ስላለው የባርንስተብል ጨዋማ ረግረግ ያሳተሙት ጥናት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በዚያ ዳርቻ፣ የባሕሩ ሙላት የሚደርስበትን ከፍታ ተከትሎ የሚበቅል ሣር አለ። ባሕሩ ከፍ ሲል ረግረጉም ደለልና ሥር እየደራረበ አብሮት ያድጋል፤ የድሮው ሣር ከታች ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ በጥልቀት የተገኘ ሥር «ውኃው በዘመኔ እዚህ ደርሶ ነበር» የሚል ምስክር ነው። ዘመኑን የሚናገረው ካርቦን 14 ነው፤ ተክሉ ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ምስክሩ ግን ከቦታው ይንሸራተታል። ረግረግ በገዛ ክብደቱ ስለሚታመቅ ሥሩ ከበቀለበት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አጥኚዎች በጠንካራ አሸዋ ላይ በቀጥታ ያረፈውን ንብርብር የሚመርጡት ለዚህ ነው። የሚገኘው መልስም ቁርጥ ያለ ዓመት ሳይሆን «ከዚህ እስከዚያ» የሚል ነው። የፊደል አጣጣል አይቶ የብራናን ዘመን የሚገምት ሰው ይህን ጥንቃቄ ያውቀዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንድሩ ኬምፕና ባልደረቦቹ በ2011 ከሰሜን ካሮላይና ረግረጎች ያወጡት የ2,100 ዓመት ታሪክ ነው። የተመሩት ፎራሚኒፌራ በሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት ነበር፤ የትኛው ዝርያ በየትኛው ከፍታ እንደሚኖር ይታወቃልና። የየብሱ መስመጥ ሲቀነስ፣ ባሕሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ100 ዓመት ጀምሮ እስከ 950 ድረስ ረግቶ ነበር። ከዚያ ለ400 ዓመታት በዓመት 0.6 ሚሊሜትር ከፍ አለ፤ እንደገና ረጋ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ግን በዓመት 2.1 ሚሊሜትር ወጥቷል። በመዝገቡ ሁሉ ይህን ያህል የፈጠነበት ጊዜ የለም።

የሚገርመው፣ ራዲዮካርበን የሚደክመው እዚሁ ላይ ነው። ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያለው ናሙና ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መልስ ይሰጣል፤ የድንጋይ ከሰል ጭስም በአየሩ ላይ አሮጌ ካርቦን ጨምሮበታል። ስለዚህ ሌላ ምልክት ይፈለጋል፦ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ደኑን ሲመነጥሩ የበዛ የአረም ብናኝ፣ በ1963 ገደማ ከኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች የወረደ ሲዚየም። ሰው አልጻፈውም ያልነው መዝገብ የላይኛው ገጹ በሰው እጅ የተሞላ ነው። በዚህ ሙያ ቋንቋ «ዛሬ» የሚባለውም 1950 ነው፤ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ወደ ኋላ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አየር ቦምቦቹ አዛብተውታል።