የሕፃናት የመኪና መቀመጫ

የሕፃናት የመኪና መቀመጫ (በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አጠራር «ካር ሲት») ሕፃን ልጅ በመኪና ሲጓዝ በግጭት ጊዜ ከቦታው እንዳይወረወር የሚይዝ፣ በመኪናው ወንበር ላይ የሚታሰር ልዩ መቀመጫ ነው። የመኪና ቀበቶ የተሠራው ለአዋቂ ሰው ቁመት ስለሆነ በትንሽ ልጅ ላይ ሲታሰር አንገቱና ሆዱ ላይ ያርፋል። ልዩ መቀመጫው ግን ጉልበቱን ጠንካራ ወደሆኑት የሰውነት ክፍሎች ያከፋፍላል። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግምት፣ በትክክል የተገጠመ መቀመጫ በግጭት የሚደርስን ሞት ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ላይ በ54 በመቶ ይቀንሳል።

አቅፎ መያዝ ለምን አይበቃም

በሰዓት 50 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረ ተሳፋሪ በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ይዞ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጉልበት 140 ኪሎ ያህል ዕቃ ከመሸከም ጋር እኩል ነው። የእናትም ሆነ የአባት ክንድ ይህን አይችልም። ያቀፈው ሰው ራሱ ካልታሰረ ደግሞ ከነክብደቱ ሕፃኑ ላይ ይወድቃል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት መታሰርም ያው ነው፦ ሕፃኑ በቀበቶውና በአዋቂው መካከል ይጨፈለቃል።

ታሪክና ሕግ

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ይሸጡ የነበሩት የልጆች መቀመጫዎች ዓላማቸው ልጁ ከፍ ብሎ በመስኮት እንዲያይና ሹፌሩን እንዳያስቸግር ነበር እንጂ ደኅንነት አልነበረም። በ1964 ስዊድናዊው በርቲል አልድማን የጠፈር ተጓዦች በጀርባቸው ተደግፈው መነሣታቸውን ተመልክቶ ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን መቀመጫ ናሙና ሠራ።

መቀመጫውን በሕግ ግዴታ በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ቴነሲ ናት። የሕፃናት ሐኪሙ ሮበርት ሳንደርስ የምክር ቤት አባላትን ሲወተውት ቆይቶ ሕጉ በ1977 ጸደቀ፣ በጥር 1978 ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም ልጅን በክንድ አቅፎ መጓዝን የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቶበት ነበር። ከላይ ያለው ስሌት እንደሚያሳየው ይህ አንቀጽ የሕጉን ዋና ፍሬ ነገር የሚያፈርስ ነው። የተሻረው በ1981 ነው። እስከ 1985 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ።

ዝርዝሩ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም አምራቹ ወደ ፊት ለማዞር የወሰነው ዝቅተኛ ክብደት እስኪደርስ፣ ወደ ኋላ አይቶ መቀመጥ አለበት፤ ልዩ መቀመጫው እስከ 8 ዓመት ግዴታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚለካው በቁመት ነው፦ ወሰኑ 150 ሴ.ሜ. ሲሆን አገሮች ወደ 135 ሴ.ሜ. ዝቅ ማድረግ ይችላሉ።

አጠቃቀም

የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠነከረ ነው። ወደ ኋላ ሲያይ መደገፊያው ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ2018 ጀምሮ ልጁ የመቀመጫውን የክብደት ወይም የቁመት ወሰን እስኪያልፍ እንዳይዞር ይመክራል። እግሩ መታጠፉ ወላጆችን ቢያሳስብም ልጁን አይጎዳውም። ወደ ኋላ የሚያይ መቀመጫ የሚሠራ ኤርባግ ፊት ለፊት ፈጽሞ አይደረግም፤ ኤርባጉ ሲነፋ ለሕፃኑ ገዳይ ነው።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በማሰሪያው ነው። ትከሻ ላይ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ ታጥፎ የሚያዝ ከሆነ ላልቷል። በብርድ ወራት ልጁን በወፍራም ካፖርት ወይም በጋቢ ጠቅልሎ ማሰርም አደገኛ ነው፦ በግጭት ጊዜ ልብሱ ሲጨመቅ ማሰሪያው ላልቶ ይገኛል። መጀመሪያ ልጁ ይታሰራል፣ ጋቢው ከላይ ይለብሳል። መቀመጫው ራሱ ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ሲነቀነቅ ከ2.5 ሴ.ሜ. በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

ያገለገለ መቀመጫ ከዘመድ ወይም ከገበያ ሲወሰድ ከባድ ግጭት ደርሶበት እንደሆነ መጠየቅና የአገልግሎት ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ፕላስቲኩ ውስጥ የተፈጠረ ስንጥቅ በዓይን ላይታይ ይችላል።