ጥርስን ስለ መወልወል ጥበብ

ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ጥርሱን ያሳጠበ ሰው፣ እንደ ድንጋይ የደረቀው ቆሻሻ ከተፋቀለት በኋላ ጥርሱ ሲወለወልለት ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ይቆጥራቸዋል። ዳሩ ግን መፋቅ ለጤና፣ መወልወል ግን ይልቁን ለመልክ የተደረገ ሲሆን፣ የኋለኛው ጥበብ ያለፈበትን መንገድ የመረመረ ሁሉ፣ ባለሙያዎቹ ጥርስን ከማብለጭለጭ አስቀድሞ አካሉን አለመጉዳትን ቀስ በቀስ እንደ ተማሩ ያስተውላል።

ቀዳሚው መፋቅ ነበረ። የአንዳሉሱ ሊቅ አቡልቃሲም አል ዘህራዊ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1000 ዓ.ም. ገደማ በፈጸመው በ30 ክፍል በተደረሰ የሕክምና መጽሐፉ የመፋቂያ ብረቶችን መልክ በሥዕል አሳይቶ፣ ሐኪሙ የበሽተኛውን ራስ በጭኑ ላይ አሳርፎ እንደ አሸዋ ያለው ቆሻሻ እስኪያልቅ ድረስ እንዲፍቅ፣ በአንድ ቀን ካልጠራም በማግሥቱ፣ በሦስተኛውና በአራተኛውም ቀን እንዲመለስበት ያዝዛል።

መወልወል ራሱን የቻለ ሥርዓት የሆነው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ ዲ. ዲ. ስሚዝ የተባለ የፊላዴልፊያ የጥርስ ሐኪም ሰው ሳይታመም በየጊዜው ጥርሱን እንዲያስጸዳ ማስተማር በጀመረበት ዘመን ነው። ይህን ትምህርት የተቀበለው የብሪጅፖርቱ የጥርስ ሐኪም አልፍሬድ ፎንስ በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን በዚሁ ሙያ አሠለጠናት፤ በ1913ም የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎችን የሚያወጣ ትምህርት ቤት ከፈተ። መሣሪያቸው በመያዣ ብረት ላይ የተሰካ የብርቱካን እንጨት ሲሆን፣ ጫፉ ፑሚስ በሚባለው፣ ከእሳተ ገሞራ በሚገኘው ቀላል ድንጋይ እርጥብ ዱቄት ተነክሮ የእያንዳንዱ ጥርስ ገጽ በእጅ ይታሽ ነበር። ሥራው አዝጋሚ ቢሆንም ጥርሱን አያግለውም፤ የእጅ ኃይልም በባለሙያዋ ስሜት ይመጠናል።

ጀምስ ሞሪሰን በ1871 የፈለሰፈው በእግር የሚረገጥ መሣሪያ፣ በኋላም ኤሌክትሪክ፣ ፍጥነትን አመጡ። በሚሽከረከር ትንሽ የጎማ ኩባያ የፑሚስ ሊጥ እየጨመሩ መወልወል ጊዜን ቢያሳጥርም፣ ባለሙያው አጥብቆ ከተጫነ ሙቀትን ይወልዳል። ፑሚስም ከጥርሱ ውጫዊ ሽፋን የሚጠነክር ስለሆነ፣ ድዱ ሸሽቶ የተገለጠውን ለስላሳ ሥር ይልቁን ይጎዳዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሙያው መምህራን የጥርሱን ሁሉ ገጽ ያለ ልዩነት መወልወል ቀርቶ፣ ሻይ፣ ቡናና ትምባሆ ያጠቆሩት ብቻ እንዲወለወል መምከር የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተወለወለውም ጥርስ ቢሆን ካልተቦረሸ በአንድ ቀን ውስጥ ዳግመኛ በተህዋስያን ይሸፈናልና።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ አየርና ውኃ ከሶዳ ዱቄት ጋር በአንድነት የሚረጭበት ዘዴ ለገበያ ወጣ። ይህ ጎማው የማይደርስበትን ስንጥቅ ሁሉ ያጠራል፤ ይሁን እንጂ ሶዳው ለተገለጠ ሥር ሻካራ ነው፤ ጨው ለተከለከለ ሕመምተኛም አይመከርም። ከ2000 ወዲህ የተስፋፉት የግላይሲንና የኤሪትሪቶል ዱቄቶች ግን እጅግ የላሙ በመሆናቸው ከድዱ በታችም ይሠራባቸዋል። በአንዳንዶች ዘንድ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ በዱቄት መርጨት ይቀድማል፤ መፋቅ የሚከተለውም ለቀረው ደረቅ ቆሻሻ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘዴዎቹ ሲመዛዘኑ፣ ለጠንካራ ጥርስ እልከኛ እድፍ የጎማው ኩባያ በቀላል እጅ ይበቃል፤ ለስሱና ድዱ ለሸሸ ጥርስ የላመው ዱቄት ይመረጣል፤ እድፍ ለሌለበት ጥርስ ግን አለመወልወል ምንም አያጎድልበትም። አንባቢም ወደ ሐኪሙ በሄደ ጊዜ የሚወለወልበትን ነገርና ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ከሁሉም ይልቅ በየዕለቱ የሚይዘውን መፋቂያ ወይም ብሩሽ አይተው፤ ያለዚህ የሐኪም ውልወላ ጥርስን ከመበስበስ አያድነውምና።